መስታወት፣ ፍሬቻ፣ መስታወት፣ መሪ

«ሞተር መቼም ሩጫ ነው» አለች በሩ ሥር የተቀመጠችው ሴትዮ፣ ቀስ ብላ ያወራች መስሏት። «ቢመክሩት አይሰማም። ልጅነት ነዋ!»

«የምን ልጅነት! ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር» አለች አጠገቧ ያለችው።

«ሞተር ላይ የወጣ ሁሉ ልጅ ነው። ባለመኪናዋስ ምን ታድርግ፣ እንደ መብረቅ ሲመጣባት?»

የሟቹ እህት ትሪ ይዛ በመካከላቸው ገባች። ባዶዎቹን ስኒዎች አነሳች፤ ያልተጠጡትንም አብራ አነሳች።

«እኔ እኮ ገና አልቀመስኩትም፣ እህቴ» አለች ሴትየዋ።

«ይቀዘቅዛል» አለች እህትየው። ምን እንዳለች ራሷም ሳታውቅ ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ወንድሟ የሞተው ሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ተቀበረ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። ሳሎኑም ኮሪደሩም በኪራይ የላስቲክ ወንበሮች ተሞልተዋል፤ እሷ ግን ከሰኞ ወዲህ ከቆመች አልተቀመጠችም። ወንበር ስታቀርብ፣ ወንበር ስታነሳ፣ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ስታጥብ ትውላለች። ሰዎች ጎትተው ቢያስቀምጧትም ቀኝ እግሯ አያርፍም፤ ወለሉን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ ያደርጋል። አሥራ ስድስት ዓመት የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ሆና ሠርታለች። የማሰልጠኛ መኪና ከተማሪው ሌላ በአሰልጣኙም በኩል ፍሬን አለው። እግሯ ሌላ ሰው በሚነዳው ነገር ሁሉ ውስጥ ፍሬን መፈለግ ለምዷል።

«ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አለቻት አክስቷ ጓዳ ውስጥ ቴርሞስ እየሞላች። «አንቺን ሳይ እኔ ዞረብኝ። አረፍ በይ እንጂ!»

«የሚሉትን እየሰማሽ ነው፣ አክስቴ?»

«ለቅሶ የሚመጣ ሰው አፉን ቤቱ ትቶ አይመጣም። ተያቸው።»

ሳሎን ውስጥ ግን መተው የማይሆንላት አንዲት ሴት ነበረች። እናትየው ከግድግዳው ጥግ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከቀብር ወዲህ አላለቀሰችም። ትሰማለች። በሩ ሥር የሚንሾካሾኩትን፣ ኮሪደር ላይ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉትን፣ ሁሉንም ትሰማለች። ልጇ በአጠገቧ ስታልፍ የቀሚሷን ጫፍ ያዝ አደረገች።

«ይሮጥ ነበር ወይ?»

«እሱ መቼ ይሮጣል፣ እማዬ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ሰኞ ዕለት ይሮጥ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ትራፊኮቹ እያጣሩ ነው።»

«ምሎልኝ ነበር» አለች እናት፣ ቀሚሱን ለቀቀችው።

እውነት ነው፣ ምሎላት ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት የሞተሩን ሥራ የያዘ ሰሞን እናቱ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ጓዳ ገባና ፊቷ ተንበረከከ። «እማዬ፣ ይቺ ራስ ያንቺ ናት። እኔ ተውሼ ነው የያዝኳት። እንዳልሰብርብሽ ቀስ እላለሁ» አላት። ሳትወድ ሳቀች። «ማል!» አለችው። ሄልሜቱን ሳያወልቅ ማለ፤ ድምፁ ከእንስራ ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር።

ሥራውም ቢሆን ሩጫ የሚወድ አልነበረም። በየጤና ጣቢያው የተቀዳ የደም ናሙና እየሰበሰበ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ያደርሳል። ከኋላው ስፖንጅ የተለበጠ ነጭ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎች በየቀዳዳቸው ቆመዋል። ደም በመንገድ ሲንገጫገጭ ይበላሻል፤ ሲበላሽ ደግሞ በሽተኛው ተመልሶ ክንዱን መስጠት አለበት። እሱ ይህን አንዴ ከሰማ በኋላ እያንዳንዷን ጉድጓድ በስም የሚያውቃት እስኪመስል ድረስ እየዞረ ይነዳ ነበር። ባልደረቦቹ «ኤሊ» ይሉት ነበር። በእግረኛ የተቀደመ ብቸኛው ሞተረኛ ነው እያሉ ይስቁበታል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከሥራው ቦታ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዷ የላቦራቶሪው ኃላፊ ናት፤ ሌላው በቅጽሉ ሽቦ የሚባል ቀጭን ረጅም ሞተረኛ። ኃላፊዋ እናትየው ፊት ቁጢጥ አለች፤ ማጽናኛ ቃል ፈልጋ አጣች።

«የሱ ደም ተበላሽቶ አያውቅም» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ኃላፊዋ ራሷ ደነገጠች።

«ማለቴ... የሚያመጣው ናሙና። በስድስት ዓመት አንድም አልተመለሰብንም። የሰኞው እንኳ። ትራፊኮቹ ሳጥኑን አመጡልን፤ አሥራ ሁለት ቱቦ ነበረ፣ አንድ አልተሰነጠቀም። መረመርነው። አሥራ ሁለቱም ሰዎች ውጤታቸውን በሰዓቱ ወሰዱ።»

እናት ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ይመስል ሁለተኛ ነቀነቀች።

ሽቦ በበኩሉ እህትየውን ኮሪደር ላይ አገኛት። ረጅም ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያወራው።

«አሰልጣኟ እርስዎ ነዎት አይደል? ስለ እርስዎ ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም እኮ። እኛ ባለመኪኖቹን ስንራገም እሱ ምን ይላል መሰለዎት? 'ቆይ ትንሽ ታገሱ፤ የእህቴ ተማሪዎች አንገታቸውን አዙረው ነው የሚያዩት። እነሱ ሲበዙ መንገዱ የኛም ይሆናል።' ኤሊ ሚኒስትር ሆነ እያልን እንስቅበት ነበር።»

ሽቦ ፈገግ አለ፤ እሷም ፈገግ እንድትል ጠበቀ። እሷ ግን ከእጁ ላይ ብርጭቆውን ተቀብላ ሄደች።

«አልጠጣሁትም ነበር» አለ ሽቦ ለአክስትየው።

«እሷ እንዲህ ሆናለች፣ ልጄ። ና፣ ሌላ ልቅዳልህ።»

ጀምበር ሳትጠልቅ ታላቅ ወንድማቸው ከትራፊክ ቢሮ ተመለሰ። የብረት በር ሠሪ ነው፤ ብየዳው ፊቱን አቅልቶታል፣ ጠባዩም እንደ ሙያው ነው፤ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ አይበርድም። ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የሾፌሯ ቃል ግልባጭ ነው።

«ስሚኝ» አለ፤ ቆሞ ያነብ ጀመር። «'ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነበር። መስታወት አየሁ። ፍሬቻ አበራሁ። ደግሜ መስታወት አየሁ። መንገዱ ባዶ ነበር። መሪ አዞርኩ። ሰውየው ከየት እንደመጣ አላውቅም። በጣም ፈጥኖ መጥቶ መሆን አለበት።'» ወረቀቱን በመዳፉ መታው። «አየሽ ውሸት? እንደ መዝሙር ነው የምትደረድረው! መስታወት፣ ፍሬቻ፣ መስታወት፣ መሪ! መርማሪው ደግሞ ወደሷ ያጋደለ ይመስላል። 'መስታወት ካየች፣ መንገዱም ባዶ ከነበረ፣ ሟቹ በሯል ማለት ነው' አለኝ። ፊት ለፊቴ! አርብ በአሥር ሰዓት አንቺን ይፈልጉሻል። የሙያው ሰው ነሽ፤ ቃልሽ ይሰማል።»

«እስቲ ስጠኝ» አለች።

የሾፌሯን ስም ማንበብ አላስፈለጋትም ነበር። አራቱን ቃላት በዚያ ቅደም ተከተል፣ በዚያ ምት፣ መሪው ላይ በጣት እየመታች የምታስዘምር አንዲት አሰልጣኝ ብቻ ናት። ቢሆንም ስሙን አነበበችው። ልጅቷ ወዲያው ፊቷ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፋችውን ዩኒፎርም በየትምህርት ቤቱ ለማድረስ አሮጌ ፒክአፕ የገዛች። በጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ አሰልጣኟ የተናገረችውን ሁሉ፣ ቀልዱን ሳይቀር የምትጽፍ። ከሦስት ዓመት በፊት ከመቶ መቶ ያመጣች።

«ምን ሆንሽ?» አለ በያጁ። «ፊትሽ ተለወጠ።»

«ምንም። ሙቀቱ ነው።»

እግሯ ወለሉን ረገጠ።

ያቺ እሁድ ወደ አእምሮዋ እንዳትመጣ ሦስት ቀን ሙሉ ስትሸሻት ሰንብታለች። አሁን ግን የምትሸሽበት ቦታ አልነበረም። አምስት ዓመት ሆኗታል። ወንድሟ አንድ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ማሰልጠኛው ግቢ መጣ፤ ባለመኪና ገፍቶ ከመንገድ አስወጥቶት ነበር። ግቢው ባዶ ነው።

«እታለም፣ ግቢና ሹፌሩ ቦታ ተቀመጪ» አላት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ተቀመጪ ስልሽ! አንዴ እንኳ እኔ ላሠልጥንሽ።»

ተቀመጠች። እሱ ጠመኔ ይዞ ከመኪናው ኋላ ሄደ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተራመደ ይጮኻል፤ እሷ አንገቷን ሳታንቀሳቅስ መስታወት መስታወቱን እያየች ትመልሳለች።

«አየሽኝ?»

«አየሁህ።»

«አሁንስ?»

«አየሁህ፣ ሱሪህ ተቀዷል።»

«ሱሪዬን ተዪው። አሁንስ?»

«አሁን የለህም።»

«የለሁም?»

«የለህም።»

በጠፋበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ ምልክቶቹን በመስመር አያያዛቸው። ስትወርድ ከመኪናው ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ክንፎች መሬቱ ላይ ተሥለው አየች። አንዱ ክንፍ ውስጥ ሁለት ሞተር ከነነጂው ይቆማል። አሥራ አንድ ዓመት አስተምራለች፤ መስታወት ሁሉን እንደማያሳይ ታውቃለች፤ የማያሳየው ግን ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር።

ወንድሟ በቀኙ ክንፍ መካከል ቆሞ እጆቹን ዘረጋ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ቤቴ ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ እዚህ ነው የምኖረው።»

«ታዲያ ምን አስገባህ እዚህ? ውጣ!»

«መንገዱ ጠባብ ነው። ሌላ ቤት ካለሽ አከራዪኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ኮስተር አለ። «ከመታጠፋቸው በፊት አንገታቸውን እንዲያዞሩ አስተምሪልኝ። አንዴ ብቻ፣ በትከሻቸው ላይ። ሰከንድ አይሞላም።»

«እሺ» አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ሁለት ሳምንት አስተማረች። በሦስተኛው ሳምንት ሰባት ተማሪዎቿ ፈተና ቀረቡ፤ አራቱ ወደቁ። ፈታኙ በየወረቀታቸው ላይ «ዓይንን ከመንገድ ማንሳት» ብሎ ጽፎ ነጥብ ቀንሷል። ከወደቁት አንዱ ሦስተኛ ጊዜው የነበረ ሽማግሌ ዘበኛ ነው፤ ግቢው መሃል ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የማሰልጠኛው ኃላፊ ጠራት። «አንገት አዙሩ የሚል የት መጽሐፍ ላይ ነው ያለው? ፈታኙ የሚፈልገውን አስተምሪልኝ። ፈቃዳቸውን ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ከፈለጉ እንደ ጉጉት ይዙሩ!» አለ።

ወደ አራቱ ቃላት ተመለሰች። ተማሪዎቹ ደግሞ እንዳይወድቁባት አምስተኛ ትእዛዝ ጨመረችበት፤ አንገታቸው ዘወር ሊል ሲል ትከሻቸውን በጣቷ መታ እያደረገች «አንገት አይዞርም!» ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ተማሪ በአንድ ቀን ወድቆባት አያውቅም።

ወንድሟ ከወራት በኋላ እራት ላይ ጠየቃት። «እያስተማርሽልኝ ነው?»

«እያስተማርኩ ነው» አለችው፣ ከሳህኑ ቀና ሳትል።

ዳግመኛ አልጠየቃትም። አመናት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሳሎኑ እንደገና ሞላ። አሰልጣኟ ከጓዳ ስትወጣ በሩ አጠገብ ከመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ ልኳ ያልሆነ ጥቁር ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት አየች። ዓይኖቿ አብጠዋል። ማንም አላወቃትም፤ ሰው አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ማነህ የሚለው የለም። አሰልጣኟ ትሪውን ባገኘችው ሰው እጅ ላይ አኖረች፤ ልጅቷን በክንዷ ይዛ በኮሪደሩ አሳልፋ ወደ ጓሮ አወጣቻት። በያጁ በር ላይ እንግዳ እየተቀበለ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል።

ጓሮው ውስጥ የውኃ በርሜልና የታጠበ አንሶላ የተሰጣበት ገመድ አለ። ልብስ ሰፊዋ ከአንሶላው ጥላ ስትገባ ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ! እርስዎ... እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ቤቴ ነው።»

«ዘመድዎ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

ልጅቷ የተደፋ የልብስ መዘፍዘፊያ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ አሰልጣኟ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ፊቷ ላይ ተስፋ የሚመስል ነገር መጣ።

«ትናንት ነው በዋስ የለቀቁኝ። ቤተሰቡን ልለምናቸው ነበር የመጣሁት፤ ማን ይሰማኛል ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ያውቁኛል። ይንገሩልኝ፣ እትዬ!»

«ምን ልንገርልሽ?»

«እንዳየሁ! ሁሉም ሰው አላየሽም ይለኛል። ባለቤቴ እንኳ 'ስልክ እያወራሽ ነበር?' አለኝ። አይቻለሁ! ሁለቴ አይቻለሁ። መስታወት፣ ፍሬቻ፣ መስታወት። እርስዎ እንዳሳዩኝ። ባዶ ነበር። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን መስታወቱ ይታየኛል፤ ባዶ ነው። በባዶ መንገድ ላይ ሰው ከየት ይመጣል፣ ካልበረረ?»

«አልበረረም።»

«ታዲያ እኔ ምን አጎደልኩ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች። «ይንገሩኝ። እርስዎ ካስተማሩኝ ውስጥ የትኛውን ነው የረሳሁት?»

መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አሰልጣኟ አፏን ከፈተች። አንሶላው በነፋስ ተነስቶ ፊቷን ሸፈነው፣ ተመልሶ ገለጠው። ያለችው ግን ሌላ ነበር።

«ነገ ትራፊክ ቢሮ ጠርተውኛል። እነግራቸዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ!» ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጇን ልትስም ስትል አሰልጣኟ እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበችው።

በጓሮ በር ከሸኘቻት በኋላ አክስቷ ብቅ አለች። «ማን ናት?»

«ተማሪዬ ነበረች።»

«ወይ ደግ ልጅ! አስተማሪዋን ልታጽናና መጣች። የዘንድሮ ልጅ እንዲህ አያውቅም።»

አርብ ወደ ትራፊክ ቢሮ የሄዱት በበያጁ መኪና ነው። ብረት በሚጭንበት አሮጌ መኪና ውስጥ ዝገትና ላብ ይሸታል። እሷ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ እግሯ ወለሉን ይረግጣል።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ተማሪዬ ነበረች» አለችው።

በያጁ ድንገት ፍሬን ያዘ፤ ከኋላ ጡሩንባ ተነፋባቸው። «ማን? ገዳይዋ?»

«አዎ።»

መሪውን በመዳፉ መታው፤ ከሰኞ ወዲህ ደስታ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። «ታዲያ አለቀ! እግዜር እኮ አይተኛም። 'አንገትሽን አዙሪ ብዬ በገዛ አፌ አስተምሬያታለሁ፤ እሷ አላደረገችውም' ትያለሽ። በቃ። አንድ ቃል ነው። እሱ ከሩጫው ስም ይጸዳል፣ እሷም የእጇን ታገኛለች። እሱ ራሱ ይለን አልነበር እንዴ፣ የእህቴ ተማሪዎች አንገታቸውን ያዞራሉ እያለ?»

እሷም ይህንኑ ሌሊቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ አድራለች። አንድ ቃል ነው፤ «አስተምሬያታለሁ»። ማንም አያስተባብላትም። በአንድ በኩል የአሥራ ስድስት ዓመት አሰልጣኝ፣ የሟች እህት። በሌላ በኩል አንዲት ልብስ ሰፊ ከነደብተሯ።

መርማሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። ቢሮው ወደ አውራ ጎዳናው የተከፈተ አንድ መስኮት አለው፤ የመኪና ድምፅ እንደ ውኃ ይገባል። ነፍስ ይማር አላቸውና ፋይሉን ዘረጋ።

«እርስዎ የሙያው ሰው ስለሆኑ በግልጽ ልንገርዎት። ሞተሩ ፍሬን የያዘበት ምልክት መንገዱ ላይ የለም፤ ፍጥነቱን በልክ ማወቅ አልቻልንም። የፒክአፗ መስታወት ደህና ነው። ሴትየዋ አይቻለሁ በሚለው ቃሏ ጸንታለች። ባዶ መንገድ ላይ ድንገት ብቅ ካለ...»

«ወረቀት ይስጡኝ» አለች።

ሰጣት። መኪናውን አራት ማዕዘን አድርጋ ሣለች። ከጎንና ጎኑ ሁለቱን ክንፎች ሣለች። ቀኙ ውስጥ አንድ ነጥብ አኖረች።

«ድንገት ብቅ አላለም። እዚህ ነበር። ሁለቱ እኩል እየሄዱ፣ እሱ እዚህ ነበር። ከዚህ ቦታ ሰው በመስታወት አይታይም፤ የፈለገ ቢጸዳ፣ የፈለገ ደጋግመው ቢያዩት። የጫነው አሥራ ሁለት የብርጭቆ ቱቦ ነበር፤ ላቦራቶሪውን ይጠይቁ፣ አንድ አልተሰነጠቀም። የበረረ ሰው ቱቦ እንዲህ አይተርፍም።»

መርማሪው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ሥዕሉን ወደሱ ዞር አድርጎ አየው። «ይህን አላሰብኩትም» አለ። ከዚያ ብዕሩን አነሳ። «ታዲያ እንዴት ነው የሚታየው?»

«አንገት ከዞረ። በትከሻ ላይ።»

«እሷ አላዞረችም።»

«አላዞረችም።»

«ለምን አላዞረችም?»

በያጁ ወንበሩን ወደሷ ጠጋ አደረገ። ፊቱን አየችው። ያ የተቃጠለ፣ የከረረ ፊት እንደ ልጅ ፊት ተከፍቶ ይጠብቃታል።

«አታዙሪ ስላልኳት» አለች።

ብዕሩ ቆመ። «ይድገሙልኝ።»

«ተማሪዬ ነበረች። አታዙሪ ብያታለሁ። ልታዞር ስትል ትከሻዋን እየመታሁ ከልክያታለሁ። ፈተና ላይ ነጥብ ያስቀንሳል። ሁሉንም እንዲህ ነው የማስተምረው። እሷ የነገርኳትን አንድም አላጎደለችም።»

«ወንድምዎ የነበረበት ቦታ በመስታወት እንደማይታይ ያን ጊዜ አያውቁም ነበር?»

«አውቅ ነበር። እሱ ነው ያሳየኝ።»

የበያጁ ወንበር ወለሉን ፋቀ። ቆሞ ቁልቁል አያት። ይጮኻል ብላ ጠበቀች፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር የወጣው።

«እያስተማርኩ ነው አላልሽውም? እኔ እዚያው ማዕድ ላይ አልነበርኩም እንዴ?»

«ብዬዋለሁ።»

ወጣ። በሩን እንኳ አልወረወረውም፤ ክፍቱን ተወው።

መርማሪው ጽሑፉን አስተካከለ። «ይህ ቃል ከሥራዎ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ለመዝገቡ ያህል፣ እስካሁን ስንት ሰው አሠልጥነዋል?»

በመስኮቱ ወደ ጎዳናው ተመለከተች። ነጭ መኪና ፍሬቻ አብርቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሰማያዊው ተከተለው። ሚኒባስ፣ ታክሲ፣ ሌላ ነጭ። በየመስታወቱ ፊት አንድ ቀጥ ያለ አንገት። ሁለት ሞተረኞች በመካከላቸው እየተሹለከለኩ አለፉ፤ አንዱ ከኋላው ሴት አፈናጧል። እግሯ ወለሉን ረገጠ።

«አልቆጠርኳቸውም» አለች።

ቃሏ አራት ገጽ ሆነ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የአውራ ጣቷን አሻራ አስቀመጠች። መጥረጊያ ጨርቅ አልነበራቸውም፤ መርማሪው ይቅርታ ጠየቃት።

የበያጁ መኪና ከቆመበት የለም። በእግሯ ሄደች። በእያንዳንዱ ማቋረጫ ላይ ቆመች፤ መኪኖቹ ቆመው ሲጠብቋት እንኳ ሳትሻገር ትቆያለች፤ ጡሩንባ ሲነፉባት ትሻገራለች።

ቤት ስትደርስ አብዛኛው እንግዳ ሄዷል። በያጁ ከደጅ ጀርባውን ሰጥቶ የኪራይ ወንበሮቹን ይደራርባል፤ አልዞረም። አክስቷ ከጓዳ በር ላይ አየቻትና ዓይኗን ሰበረች። ተነግሯል ማለት ነው። ሳሎን ውስጥ እናትየው ብቻ ፍራሹ ላይ አለች።

እህትየው መካከሉ ላይ ቆመች። ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም፤ የምትይዘው ትሪ አልነበረም።

«እማዬ፣ ጋሼ ነገረሽ?»

እናት ፍራሹን መታ መታ አደረገች። እህትየው ሄዳ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ የእናቷን ጉልበት እንዳይነካ እየተጠነቀቀች።

ደጅ ወንበሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይወድቃሉ።

«አልሮጠም?» አለች እናት።

«አልሮጠም፣ እማዬ። ቀስ ብሎ፣ ቦታው ላይ ነበር። ጽፈውታል።»

እናት ዓይኖቿን ጨፈነች። እንባዋ ከቀብር ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ቀስ ብሎ በአፍንጫዋ ጎን ወረደ፤ አልጠረገችውም። ዓይኗን ስትገልጥ የልጇን እጅ ጉልበቷ ላይ አየችው። አውራ ጣቷ እስከ ጥፍሯ ድረስ በቀለም ሰማያዊ ሆኗል።

የሻሿን ጫፍ ፈታች። ከአጠገቧ ካለው ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነከረችው። ልጇን ሳታያት፣ ሳታናግራት፣ እጇን ወደ ጉያዋ ሳበችና አውራ ጣቷን መጥረግ ጀመረች። መጀመሪያ ከጥፍሯ ዙሪያ፣ ከዚያ ከሆዱ፣ ከዚያ ከቆዳው መስመሮች ውስጥ። ውኃው ደጋግሞ ሰማያዊ ሆነ፤ ደጋግማ ነከረች። እህትየው እጇን ለቀቀችላት።

ጣቱ ጸዳ፤ ቀላ። እናት አላቆመችም።

«ለቋል፣ እማዬ» አለች ልጅ።

«አልለቀቀም» አለች እናት፣ ሻሿን እንደገና ውኃው ውስጥ እየነከረች።